የትራፊክ ቅጣት፦ ከመክፈልህ በፊት የምትወስነው ነገር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በአባዱላ የምሠራ ሹፌር ነኝ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ አንድ የተበላሸ ሲኖትራክ መስመሬን ዘግቶ ቆሟል። ድፍኑን መስመር ረግጬ አለፍኩት። ከኩርባው በታች የቆመ ትራፊክ አስቆመኝና "ደርቦ መቅደም" ብሎ ጻፈብኝ። መንጃ ፈቃዴንም ያዘ። ሰው ሁሉ "ክፈልና ተገላገል" ይለኛል። ባለመኪናው ደግሞ "ያንተ ጥፋት ነው፣ ከኪስህ" ብሎኛል። ብከራከር ያዋጣኛል? ሳልከፍል ዝም ብልስ?

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳሃለሁ። አዎ፣ ያዋጣሃል፤ ተከራከር። ግን ዛሬ ነገ ሳትል፣ ከመክፈልህም በፊት ይሁን። ሳይከፍሉም ሳይከራከሩም ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን በፍጹም አትሞክረው።

ጠበቃ ነኝ፤ በዞናችን፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ የሹፌሮች ጉዳይ በብዛት ይመጣልኛል። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከፍሎ ሲጨርስ ነው። ይከፍላል፣ መንጃ ፈቃዱን ይቀበላል፣ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከቆየ በኋላ ነገሩ ሲከነክነው በሬን ያንኳኳል። ያኔ የማደርግለት ነገር ጥቂት ነው። የከፈለ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። "ካላጠፋህ ለምን ከፈልክ?" የሚለው ጥያቄ በየቢሮው ቀድሞት ይጠብቀዋል።

በእጅህ ያለው ወረቀት ክስ ነው። አንድ ሰው "እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ" ብሎ የጻፈው። ሄደህ ስትከፍል ክሱን ራስህ ወደ ውሳኔ ትቀይረዋለህ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምትወስነው ነገር ይሄ ነው፦ የተጻፈብኝን አድርጌያለሁ ወይስ አላደረግኩም? አድርገህ ከሆነ ክፈልና ሥራህን ሥራ። አላደረግህ ከሆነ ብሩን ኪስህ ውስጥ አቆየውና ወረቀትና እስክሪብቶ አውጣ።

"ክፈልና ተገላገል" የሚሉህ ሰዎች የሚያስቡት ብሩን ብቻ ነው። ብሩ ያልፋል። ያንተን ሥራ የሚነካው ሪከርዱ ነው። የትራፊክ ጥፋት በገንዘብ ብቻ አያልቅም፤ በስምህ የጥፋት ሪከርድ ይያዛል። ሪከርዱ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ያደርሳል። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው ለጥቂት ወራት ቢታገድ በታክሲ ይሄዳል። አንተ ሕዝብ የምትጭነው ሰውዬ ብትታገድ ግን ቤትህ ምን ይበላል? ለዚህ ነው ያልሠራኸውን ጥፋት በዝምታ አትቀበል የምልህ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ሹፌሮች ስልካቸው ላይ የቅጣት ዝርዝር ፎቶ ይዘው ይዞራሉ። ብዙው ያረጀ ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራንበት ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። በ2009 በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። ከዚያ ደግሞ ደንብ ቁጥር 557/2016 መጣ። አሮጌውን ሠንጠረዥ ይዘህ "በሕጉ ይሄን ያህል ነው" ብለህ መስኮት ላይ ብትሟገት መጀመሪያውኑ ተሸንፈሃል። በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተቀጣህ ጠይቅ። እዚያው ጻፈው።

አሁን ወረቀቱን አውጣና አብረን እናንብበው። ስምህና የመንጃ ፈቃድ ቁጥርህ ትክክል ነው? ታርጋው፣ ኮዱና "አማ" የሚለው ጭምር፣ ተሟልቶ ተጽፏል? ቀኑስ? ሰዓቱስ? ቦታው እንዴት ተጻፈ? "ደብረ ሲና" ብሎ ከተወው ይህ ላንተ ጠቃሚ ነው። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ከተማ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ኩርባው ብዙ ነው። የትኛው ኩርባ ላይ? ከዋሻው ስንት ኪሎ ሜትር ወርዶ? ቦታውን በትክክል ያልጻፈ ክስ ስለ ድፍን መስመር ለመናገር ይቸግረዋል፤ መስመሩ በአንዱ ቦታ ድፍን፣ በሌላው የተቆራረጠ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ የጥፋቱን ዓይነት እይ። በመጨረሻም የጻፈው ባልደረባ ስም፣ መለያ ቁጥርና ፊርማ መኖሩን።

ከፊርማህ በላይ ያለውንም አንብብ። ብዙ ሹፌር ተሳፋሪ እያጉረመረመበት፣ ከኋላው ጥሩምባ እየተነፋ፣ ሳያነብ ይፈርማል። ፈርመህ ከሆነ አትደንግጥ፤ ጉዳዩ በዚያ አያልቅም። ለወደፊቱ ግን የማትስማማ ከሆነ ከፊርማህ አጠገብ "አልስማማም" የሚል አንድ ቃል ጻፍ። በትህትና፣ ሳትጮህ። ትራፊኩ ሥራውን እየሠራ ነው። ፀሐይና ጉም ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነው፤ መንገድ ላይ የምትነሣ ጭቅጭቅ ደግሞ አንድም ቅጣት ስትሰርዝ አይቼ አላውቅም። አንዳንዴ እንዲያውም ሌላ ትጨምራለች።

ወደ ዋናው ክርክርህ እንምጣ። ትራፊኩ ምን አየ? ከኩርባው በታች ቆሟል። ያየው አንድ አባዱላ በሌላው ሰው መስመር ከኩርባ ሲወጣ ነው። እሱ ከቆመበት ሲኖትራኩ አይታይም። ስለዚህ ዋሸብኝ ብለህ አትነሣ። ያየውን ነው የጻፈው። ያንተ ሥራ እሱ ያላየውን ማሳየት ነው።

ልታሳይ የሚገባህም ይሄ ነው። ሲኖትራኩ ቆሞ ነበር፤ አይንቀሳቀስም። መስመርህን ዘግቶታል። በቀኝ በኩል የሚያሳልፍ ትከሻ አልነበረም። አንተ ቀዝቅዘህ፣ ከፊት የሚመጣ እንደሌለ አረጋግጠህ፣ ፍሬቻ አብርተህ አለፍክ። እነዚህን ማስረዳት ከቻልክ ጉዳይህ የሚሄድ መኪና ለመቅደም ከቸኮለ ሹፌር ጉዳይ ይለያል። ከኋላህ የመጣ ሁሉ እንዳንተው ከማለፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በተለይ ከፊት የሚመጣ እንደሌለ አረጋግጫለሁ ለምትለው ማስረጃህ ላይ ተጠንቀቅ። ኩርባ ላይ ነበርክ። ከፊት እንደማይመጣ እንዴት አወቅህ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅህ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ረዳትህ ወርዶ አሳልፎሃል? የሲኖትራኩ ረዳት ከኩርባው ወዲያ ቆሞ በእጁ ይመራ ነበር? ከሆነ ይሄ ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃህ ነው። በደፈናው ጥሰህ አልፈህ ከሆነ ግን እውነቱን ለራስህ ንገረው። ያ ቁልቁለት ስንት መኪና እንደበላ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጉም በወረደበት ጠዋት ከፊት ያለ አውቶብስ ሳይታይ በድንገት አፍንጫህ ሥር ይደርሳል። ሕጉ ድፍን መስመር እዚያ ያሰመረው አንተን ለመቅጣት ብሎ አይመስለኝም።

ማስረጃ የምትሰበስበው ዛሬ ነው። ሲኖትራኩ ምናልባት ተጠግኖ ሄዷል፤ ምልክቱ ግን ይቆያል። የተበላሸ መኪና ሹፌር እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ትሪያንግል ካለው ትሪያንግል፣ ከሌለው ድንጋይና ቅርንጫፍ ከመኪናው ኋላ ይደረድራል። ሲሄድ ድንጋዩን አያነሣም። በነገራችን ላይ ይሄ ክፉ ልማድ ነው፤ ማታ የሚመጣው ሌላው ሰው ይጋጭበታል። ላንተ ግን ዛሬ ምስክር ነው። ስትመለስ ድንጋዩን፣ የፈሰሰውን ዘይት፣ የመንገዱን ጠባብነት፣ የመስመሩን ቀለም ፎቶ አንሣ። አንዱ ፎቶ ትራፊኩ ከቆመበት ቦታ ወደ ላይ ይነሣ፤ ኩርባው እንደሚጋርድ ያሳያል። ድንጋዩንም ፎቶ ካነሣህ በኋላ ከመንገድ ገለል አድርገው።

ምስክርን በተመለከተ፣ ረዳትህ ምስክር መሆን ይችላል፤ ግን "የራሱ ሰው ነው" ይባላል። የሚሻልህ ተሳፋሪ ነው። ከተሳፋሪዎችህ መካከል ሁልጊዜ የምትጭናቸው ይኖራሉ፤ ሸዋ ሮቢት ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎች። ሁለት ሰው ስምና ስልክ ይበቃል። ካንተ በኋላ በዚያው ያለፈ የሌላ አባዱላ ሹፌር ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ቀጥሎ፣ የት ነው የምታመለክተው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀኑን ያቃጥላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የማን ነው? መልሱ እዚያ ነው። መኪናህ የደብረ ብርሃን ስለሆነች ጉዳዩ ደብረ ብርሃን ይታያል ማለት አይደለም። ደብረ ሲና የጣርማበር ወረዳ ዋና ከተማ ነች፤ እዚያ የተጻፈ እዚያ ይጀመራል። ሸዋ ሮቢት ላይ የተጻፈም እዚያው ሸዋ ሮቢት ነው። መስመሩን ትንሽ ብታልፍና ሰንበቴ ላይ ቢጻፍብህ ጉዳዩ ከዞናችን ወጥቷል፤ ወደ ከሚሴ ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ በኩልም እንዲሁ ነው። ጫጫ ላይ የተጻፈ የኛ ነው፤ ሸኖ ወይም አለልቱ ላይ የተጻፈ ግን የኦሮሚያ ክልል ነው። የትራፊክ ደንቡ አንድ ነው፤ ቢሮው፣ ደረሰኙና ገንዘቡ የሚገባበት ካዝና ግን የተለያየ ነው። አንድ ሰው ሸኖ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ደብረ ብርሃን ቢሰለፍ፣ የሚሰማው "እኛን አይመለከትም" የሚል መልስ ብቻ ነው።

አቤቱታውን ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግህም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ ይጽፍልሃል፤ ራስህም ትችላለህ። አንድ ገጽ አይለፍ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆችህ ብዛት አትጻፍ። ያሳዝናል፣ ግን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ነገር እዚያ ውስጥ የለም። እንዲህ አድርገው፦

"ጉዳዩ፦ የተጻፈብኝ የትራፊክ ቅጣት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በተጠቀሰው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነ ሲኖትራክ ተበላሽቶ የምሄድበትን መስመር ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ቆሞ አገኘሁ። በቀኝ በኩል ማለፊያ አልነበረም። መኪናዬን አቁሜ፣ የሲኖትራኩ ረዳት ከፊት የሚመጣ ተሽከርካሪ አለመኖሩን በእጁ ካሳየኝ በኋላ በዝግታ አለፍኩ። ከሳሽ ባልደረባ ከኩርባው በታች ስለነበሩ የቆመውን መኪና ማየት አይችሉም ነበር። ፎቶዎችና የሁለት ተሳፋሪዎች ስም ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። ክሱ ተጣርቶ እንዲሰረዝልኝ፣ መንጃ ፈቃዴም እንዲመለስልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።"

በቃ። እውነቱ ከዚህ ከተለየ እንደ እውነቱ አስተካክለው፤ ያልሆነውን ግን አንዲትም ቃል አትጨምር። "ከሳሽ ባልደረባ ማየት አይችሉም ነበር" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በላት። ሰውየውን ውሸታም ሳታደርግ ክሱን ታዳክማለች። አለቃው ቅጣቱን ቢሰርዝ ባልደረባውን ማሳፈር አይሆንበትም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቢሮ ውስጥ የሚወስነው ሰውም ሰው ነው።

ሁለት ኮፒ አዘጋጅ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርግ፣ ሌላው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተምና ቀን አስደርግ። ያቺ ማኅተም የሌለባት አቤቱታ እንዳልቀረበች ናት። ነገ "ቀኑ አልፎብሃል" ቢሉህ የምታወጣው እሷን ነው። ወረቀትህ ላይ የመክፈያ ቀነ ገደብ ተጽፎ ከሆነ አቤቱታው ከዚያ ቀን በፊት መግባት አለበት። ምላሹንም በጽሑፍ ጠይቅ።

ወረዳው እምቢ ካለ ወደ ላይ ወደ ዞን ትሄዳለህ፤ የወረዳውን የጽሑፍ መልስ ይዘህ። እዚያም ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የትራፊክ ቅጣት ከዚህ አልተለየም። ግን በግልጽ ልንገርህ፤ ለአንድ ቅጣት ብቻ ብለህ ፍርድ ቤት መመላለስ የሥራ ቀንህን ይበላል። ፍርድ ቤት የምመክረው ሪከርዱ ወደ እገዳ የሚያደርስህ ከሆነ ወይም ፈቃድህ ከነጭራሹ ከተያዘ ነው። ደግሞ አንዳንዶች የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን እየጠቀሱ ይጽፋሉ። እሱ ለፌዴራል ተቋማት የወጣ ነው፤ የክልል ቢሮ ላይ ብትጠቅሰው አቤቱታህን ያደክመዋል። የወንጀል ሕጉን ስለ አስገዳጅ ሁኔታ የሚለውንም አንቀጽ አትጎትት። "መንገዱ ተዘግቶ ነበር" የሚለው ቀላል እውነት ይበልጥሃል።

ሳልከፍል ዝም ብልስ ላልከው፣ መንጃ ፈቃድህ እኮ እነሱ ጋ ነው። የመሰብሰቢያው መንገድ ይሄው ነው። ፈቃዱ ይያዛል፣ አንዳንዴ ታርጋ ይፈታል፣ ባለጉዳዩ ራሱ እየሮጠ ይመጣል። ዝም ብትል የምትጎዳው አንተው ነህ። ያለ ፈቃድ ስትነዳ ብትያዝ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ እግዚአብሔር አያድርገውና አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር የሚነሣው ጣጣ ሌላ ነው። ያመለጠ የመሰለው ቅጣትም ፈቃድ ሲታደስ ወይም ቦሎ ሲወሰድ ብቅ ማለቱ አይቀርም። በእጅህ ያለው ወረቀት እስከ መቼ እንደሚያሠራህ ደግሞ ቢሮውን በግልጽ ጠይቅ። ገምተህ አትንዳ።

ይህን የመሰብሰቢያ ዘዴ በተመለከተ የኔን አቋም ከጠየቅከኝ፣ ፈቃድ መያዝ የቀን ገቢ ያለውን ሰው ከጥፋቱ በላይ ይቀጣል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ለመመላለስ የሚጠፋው ቀን ከቅጣቱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገንዘብ በቴሌብርና በባንክ በሚላክበት ዘመን ሁሉም ወረዳ በስልክ እንዲያስከፍልና ፈቃድን ለከባድ ጥፋት ብቻ እንዲይዝ እፈልጋለሁ። እስከዚያ ግን ባለው ደንብ ነው የምንሠራው።

ለመክፈል ከወሰንክ ደረሰኝ ሳትቀበል አትውጣ። የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ሞዴል 64 የምንለው ነው፤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። የከፈልከው ብርና የተጻፈው ብር አንድ መሆኑን መስኮቱ ላይ ቆመህ እይ። መንገድ ላይ "ለሻይ" ብለህ የምትሰጠው ግን ጉቦ ነው። ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን አንተም ሰጪው በወንጀል ትጠየቃለህ። ደግሞ አንዴ የሰጠ ሹፌር በመስመሩ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሳያጠፋም ይቆማል።

ራዳርን በተመለከተ ባትጠይቀኝም አንድ ነገር ልበልህ። በፍጥነት ከተከሰስክ የመሣሪያውን ንባብ ለማየት በትህትና ጠይቅ። አንዳንዱ መሣሪያ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወረቀቱ በኛ። መሣሪያው 14፡20 ካለ ወረቀቱ 8፡20 ማለት አለበት። ካልተገናኘ ያ ንባብ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሱ በቲኬት አያልቅም፤ ዐቃቤ ሕግና የወንጀል ሕግ ይገቡበታል። ያኔ ራስህ አትጻፍ፤ ጠበቃ ያዝ።

ባለመኪናው "ከኪስህ" ማለቱን በተመለከተ፣ አነዳድን የሚመለከት ጥፋት የሹፌሩ ነው፤ ተሳስተህ ከሆነ እሱ ትክክል ነው። ቦሎ ያላሳደሰ፣ ኢንሹራንስ ያላስገባ፣ ያለቀ ጎማ ያልቀየረ መኪና ላይ የሚጻፍ ቅጣት ግን የእሱ ሊሆን ይገባል፤ ከደሞዝህ እንዲቆርጥ አትፍቀድለት። ይህን ከእሱ ጋር በአፍ ሳይሆን በአንድ ወረቀት ተፈራረሙ። ለአሁኑ ጉዳይ ግን እንዲህ በለው፦ "አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ውሳኔው እስኪመጣ አትቁረጥብኝ።" ማኅተም የተደረገበትን ኮፒም አሳየው።